ጎማው የ«16» ነው፤ ግን በማን አቆጣጠር?

ነገሩ የሆነው በኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ አንዲት ጠባብ የጎሚስታ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬም አለ። በባንክ ብድርና በዕቁብ ብር የገዛት ቪትዝ ክሪክ ላይ ተነስታለች። ልጁ ሥራው ሹፍርና ነው፤ በስልክ መተግበሪያ እየተጠራ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ያመላልሳል። ለታኅሣሥ ገብርኤል ደግሞ እናቱንና ሁለት አክስቶቹን ይዞ ቁልቢ ሊወርድ አስቧል። «ስለቱ የእናቴ ነው፤ መሪው የእኔ» ይላል።

ለመንገዱ ብሎ በቴሌግራም ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ ሁለት ጎማ ገዝቷል። እነሱን ሊያስገጥም ነው የመጣነው። ጎማዎቹ ሲታዩ ያምራሉ። ጥቁር ናቸው፣ ያብለጨልጫሉ፣ ጥርሳቸው ሙሉ ነው። ፎቷቸውን ስልኬ ላይ ሲያሳየኝ እኔም «አሪፍ ነው» ብዬዋለሁ።

ጎሚስታው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። አንዱን ጎማ አንስተው ጎኑን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ጎንበስ ብለው አነበቡት።

«ልጄ፣ ይሄን የመቼ ነው ብለው ሸጡልህ?»

«አዲስ ነው ጋሼ፤ የ16 ነው። ተጽፎበታል እኮ።»

«የ16 መሆኑስ የ16 ነው። የማን 16 እንደሆነ ነው እንጂ ጥያቄው» አሉና ጣታቸውን አራት ቁጥሮች ላይ አሳረፉ፤ 4216።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ጣት ነው። እኛ በሞባይል ያደግን ሰዎች የስልክ ባትሪ ጤንነት ስንት ፐርሰንት እንደሆነ፣ ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ አጣርተን እንገዛለን። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሕይወታችንን የሚሸከመውን ጎማ ግን «ጥርስ አለው፣ የለውም» ብለን ብቻ እናልፈዋለን። ጎማው ደግሞ ስለ ራሱ ያልጻፈው ነገር የለም። ችግሩ የሚያነብለት ማጣቱ ነው።

አራቱ ቁጥሮች

አብዛኛው ጎማ ጎኑ ላይ «ዲኦቲ» በሚሉ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት የሚጀምር ረዘም ያለ ኮድ አለው። መጨረሻው ላይ ያሉት አራት አሃዞች የልደት ቀኑ ናቸው በሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ስለዚህ 4216 ማለት «በ2016 በ42ኛው ሳምንት ተመረተ» ማለት ነው።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ይህ 2016 የፈረንጆቹ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2009 ማለት ነው። ዛሬ 2018 ላይ ነን። ጓደኛዬ «የሁለት ዓመት ነው፣ ገና ነው» ብሎ የገዛው ጎማ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ጎማው ከፋብሪካ ሲወጣ ጓደኛዬ ገና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር።

ሻጩ ተደወለለት። መልሱን መቼም አልረሳውም፤ «የ16 ነው አልኩህ፤ ዋሸሁ? አንብበው!» እውነቱን ነው፣ አልዋሸም። በሁለት የዘመን አቆጣጠር የምንኖር ሕዝብ ስለሆንን፣ አንድም የሐሰት ቃል ሳይናገር ሰባት ዓመት ሸጠልን። ከዚህ በፊት የነበሩት ቁጥሮች፣ 08፣ 09፣ 10፣ 11፣ ለእኛ ያረጁ ዓመታት ስለሚመስሉ ማንም አይታለልባቸውም ነበር። አሁን ግን የፈረንጆቹ 15፣ 16፣ 17 እና 18 የእኛን የቅርብ ዓመታት መሰሉ። ያረጀው ጎማ አዲስ የሚመስልበት ጊዜ ላይ ደርሰናል ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሱ፤ 37 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መስከረም ጠብቷልና 7 ቀንሱ። 1023 ቢል 2015 ዓ.ም. ነው። 4523 ቢል ደግሞ 2016 ዓ.ም. ነው። ለሁለት ቀን ስህተት አትጨነቁ፤ የምንፈልገው ዓመቱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሙሉው ኮድ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በአንዱ የጎማው ጎን ብቻ ነው። መኪናው ላይ በተገጠመ ጎማ ውጪ በኩል አራቱን ቁጥር ካጣችሁ ውስጠኛውን ጎን ስልካችሁን አስገብታችሁ ፎቶ አንሱት። ባለ ሦስት አሃዝ ካገኛችሁ ደግሞ አትድከሙ፤ ከፈረንጆቹ 2000 በፊት የተመረተ ነው።

«ሳይነዳ የተቀመጠ ጎማ ምን ይሆናል?»

ጓደኛዬም ይህንኑ ነው የጠየቀው። «ጋሼ፣ አልተነዳም እኮ! ጥርሱን እዩት!»

ጥያቄው ትክክል ይመስላል። ግን ጎማ እንደ ብረት አይደለም፤ ይልቅ እንደ ዳቦ ነው፣ ተቀምጦም ይደርቃል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን፣ ሙቀትና የፀሐይ ጨረር ላስቲኩን ቀስ በቀስ ያደርቁታል። አምራቾች ይህን የሚያዘገይ ኬሚካል ይጨምሩበታል፤ ነገር ግን ያ ኬሚካል ወደ ጎማው ፊት በደንብ የሚወጣው ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ነው። ለዚህ ነው ለዓመታት ያልተነካ ስኮርታ «አዲስ ነው» ተብሎ ሲገጠም ሰው የሚጎዳው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀዝቃዛ ብትመስልም ጨረሯ ብርቱ ነው። ሱቅ ደጃፍ ላይ ተደራርቦ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጎማ ሳይነዳ አርጅቷል።

እርጅናው ደግሞ የሚብሰው ውስጥ ውስጡን ነው። ጎማ ማለት ላስቲክ፣ ሸራና የብረት ሽቦ ተጣብቀው የሚሠሩት ነገር ነው። ላስቲኩ ሲደርቅ ማጣበቂያነቱ ይቀንሳል። በከተማ ውስጥ በ30 እና በ40 ስትነዱ ምንም አይሰማችሁም። ፈጣን መንገድ ላይ፣ ሙቀት ባለበት፣ ጭነት ስትጨምሩበት ነው ጥርሱ ከሽቦው የሚላቀቀው። እንግዲህ ከአዋሽ በኋላ ያለውን ቆላ አስቡት።

ስንት ዓመት ይበቃል? አንዳንድ መኪና አምራቾች 6 ዓመት ሲሞላው ጎማ እንዲቀየር ይመክራሉ። እንደ ሚሽላን ያሉ የጎማ አምራቾች ደግሞ ከ5 ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ቢያማምርም እንኳ ከተመረተ 10 ዓመት ሲሞላው እንዲጣል ይላሉ። በእኛ መንገድና በእኛ ጭነት ወደ 6 መጠጋት ይሻላል ባይ ነኝ።

«ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» ፊልም ያላየ የለም መቼስ። ተዋናዩ ፖል ዎከር በፈረንጆቹ ኅዳር 2013 በመኪና አደጋ ሲሞት በመጀመሪያ ስለ ፍጥነት ብቻ ነበር የተወራው። መርማሪዎቹ በኋላ ያወጡት ሪፖርት ግን ከፍጥነቱ ጋር አንድ ሌላ ነገር ጠቅሷል፤ የመኪናዋ ጎማዎች ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ነበሩ። የዚያች ፖርሽ ዋጋ ሚሊዮን ቪትዝ ባይገዛም ብዙ ቪትዝ ይገዛ ነበር፤ ጎማዋ ግን ከጓደኛዬ ጎማ ጋር እኩያ ነበር።

ለምን አሁን?

«ጎማ ድሮም ያረጅ ነበር፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?» የሚል ይኖራል። የመጣው ብዙ ነው።

አንደኛው ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በቀናት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አገር ውስጥ ጎማ የሚያመርት እንደ ሆራይዘን አዲስ ጎማ ያለ ፋብሪካ ቢኖርም፣ ከተማው ላይ የምናየው ጎማ በብዛት ከውጭ የሚገባ ነው። ዶላር ሲወጣ ጎማ ይወጣል። ደመወዝ ግን እንደ ዶላር አይወጣም። ስለዚህ ባለ መኪናው ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ያለውን ጎማ ሽቦው እስኪታይ ይነዳል፣ ወይም ርካሽ ይፈልጋል። ርካሹ ደግሞ ያገለገለ፣ መጋዘን የከረመ፣ ወይም ጥርሱ በቢላ ተፈልፍሎ ጥልቅ እንዲመስል የተደረገ ነው።

ሁለተኛው ገበያው ወደ ስልክ መግባቱ ነው። ድሮ ጎማ ሲገዛ መርካቶ ተሂዶ፣ በእጅ ተዳብሶ፣ ተገላብጦ ነበር። ዛሬ ፎቶ ይላክልናል፣ በባንክ መተግበሪያ ብር ይላካል፣ ጎማው በሞተር ይመጣል። ፎቶው የሚያሳየው ጥርሱን ነው፤ አራቱን ቁጥር አያሳይም። ከአሁን በኋላ ጎማ ስትገዙ የመጀመሪያው መልእክታችሁ «ስንት ነው?» ሳይሆን «የዲኦቲውን ፎቶ ላክልኝ» ይሁን። መላክ የማይፈልግ ሻጭ መልሱን ነግሯችኋል።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ከተማው በባትሪ መኪኖች ተሞልቷል። ባትሪ ይከብዳል። አንድ የቮልስዋገን አይዲ 4 ክብደት ባዶውን ሁለት ቶን አካባቢ ነው፤ አንዲት የቆየች ኮሮላ ግን ከአንድ ቶን ብዙም አትዘልም። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ሲረገጥ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ጎማው ቶሎ ያልቃል። ሲያልቅ ባለቤቱ «ልኩ አንድ ነው» ብሎ የተራ መኪና ጎማ ቢያስገጥምበት፣ ልኩ ይገጥማል፤ አቅሙ ግን አይገጥምም። አቅሙ የት ይነበባል? ወደዚያው ልሂድ።

81 ምን ያህል ኪሎ ነው?

የጓደኛዬ ቪትዝ ጎማ ላይ «165/70 አር 14 81 ኤስ» ይላል። በፈረንጅ ፊደል ነው የተጻፈው፤ ሲፈታ እንዲህ ነው። 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱን 70 በመቶ ያህላል ማለት ነው። አር የአሠራሩ ዓይነት፣ ራዲያል መሆኑ ነው። 14 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጎሚስታ ያውቀዋል፤ ሁሉም ገዢም ይጠይቀዋል።

የማይጠየቁት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። 81 ኪሎ አይደለም፣ የሰንጠረዥ ቁጥር ነው። 81 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 462 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 88 ቢሆን 560 ኪሎ፣ 91 ቢሆን 615 ኪሎ ነው። ኤስ ደግሞ የፍጥነት ጣሪያው ነው፤ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር። ቲ 190፣ ኤች 210 ነው። «እኔ 180 አልነዳም» ትሉ ይሆናል፤ አትንዱ። ነገር ግን ፊደሉ የሚናገረው ስለ ፍጥነት ብቻ አይደለም፣ ጎማው ሙቀት የመቋቋም አቅሙንም ጭምር ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ከመኪናችሁ ፋብሪካ ከታዘዘው ቁጥርና ፊደል በታች አትውረዱ። መውጣት ይቻላል፣ መውረድ አይቻልም። የባትሪ መኪና ላይ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን «ኤክስ ኤል» የሚሉ ፊደላት መኖራቸውንም እዩ፤ ተጨማሪ ጭነት የሚችል ጎማ ምልክት ነው፤ የቀድሞው ጎማ ላይ ከነበረ አዲሱም ላይ ይኑር።

«መኪና የለኝም፣ ምን አገባኝ?» ለምትሉ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሁላችንም ሚኒባስ ተሳፋሪ ነን። ዶልፊንም ሆነ አባዱላ የጭነት ባሕርይ ያለው ጎማ ነው የሚፈልገው። ለምሳሌ 195 አር 15 ሲ ተብሎ የሚጻፈው ዓይነት፣ የጭነት ቁጥሩ 106 ሲሆን አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ይችላል። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ሲ» ለንግድ ተሽከርካሪ የተሠራ መሆኑን ትናገራለች። ባለ 15 ቸርኬ ነው ተብሎ የኮሮላ ጎማ፣ ባለ 91፣ ቢገጠምበት በእያንዳንዱ እግር ላይ ከ300 ኪሎ በላይ አቅም ጎደለ ማለት ነው። በዚያ ላይ ማታ ማታ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ተብለን አምስት ሰው ትርፍ ስንጫን ሌላ 300 ኪሎ ጨመርን። ጎማ ሲፈነዳ «እግዜር ያመጣው» እንላለን፤ ሒሳቡ ግን ጎማው ላይ ተጽፎ ነበር።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆሙ የምታጠፉት ጊዜ አላችሁ። ወረፋችሁ እስኪደርስ የሚኒባሱን የፊት ጎማ እዩት። ጥርሱ ለስልሷል? ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ? ሽቦ ብቅ ብሏል? ካለ ለረዳቱ ንገሩት፣ ቀጣዩን ጠብቁ። ሊቆጣ ይችላል፣ ይቆጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከሁሉ በላይ የሚገድለውም ይኸው ነው። ይሄ የእኛ ዕድሜ ነው።

ንፋስ፣ ሙቀትና የአሜሪካኖቹ ትምህርት

በፈረንጆቹ ነሐሴ 2000 ፋየርስቶን የተባለው የጎማ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ ሰበሰበ። በብዛት ፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የተገጠሙት እነዚህ ጎማዎች በሙቀትና በፍጥነት መሐል ጥርሳቸው እየተላቀቀ መኪኖቹ ይገለበጡ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ምርመራው ሲካሄድ የጎማው አሠራር ብቻ ሳይሆን የንፋሱ መጠንም አከራከረ፤ ፎርድ ለመኪናው 26 ፒ ኤስ አይ እንዲሞላ ነበር የሚመክረው፣ ዝቅተኛ ነው ተብሎ ተተቸ። በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ። ዛሬ አዳዲስ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ንፋስ ሲጎድል የምትበራዋ ቢጫ መብራት የመጣችው ከዚያ ሕግ ነው። እኛ አገር ያቺ መብራት ስትበራ ብዙ ሰው «ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው» ብሎ ያልፋታል። ከማለፋችሁ በፊት ንፋሱን አስለኩ።

ንፋስ ያነሰው ጎማ ለምን ይሞቃል? ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር ከልክ በላይ ስለሚተጣጠፍ ነው። ሽቦ ደጋግማችሁ ስታጥፉት እንደሚሞቀው ማለት ነው። ያረጀ ጎማ፣ ንፋስ ያነሰው፣ ጭነት የበዛበት፣ ቆላ የወረደ። አራቱ በአንድ መኪና ላይ ሲገናኙ ነው አደጋ የሚሆነው። ጎማ በአንድ ምክንያት ብቻ የሚፈነዳው አልፎ አልፎ ነው።

ስንት ይሞላ? ብዙ ሰው ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ያስሞላል። እሱ ጣሪያው ነው እንጂ ልኩ አይደለም። ልኩ ያለው የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ወረቀት ላይ ነው። ከጃፓን የመጡት ቪትዞች ላይ ወረቀቱ በጃፓንኛ ስለሆነ ማንም አያየውም፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው። 230 ቢል በኪሎ ፓስካል ነው፤ ለ6.9 አካፍሉት፣ 33 ፒ ኤስ አይ ገደማ ይሆናል። የሚለካው ደግሞ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። የሞቀ ጎማ ንፋሱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ እሱን አይቶ ማስተንፈስ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ እንዲገኝ ማድረግ ነው።

ከአዲስ አበባ ለሚወጣ ሰው ሌላም ነገር አለ። ከዚህ ከ2 ሺህ 300 ሜትር ተነስታችሁ አዋሽ ላይ ከ1 ሺህ ሜትር በታች ስትደርሱ የውጪው አየር ይከብዳል። በዚህ ብቻ መለኪያው ወደ 2 ፒ ኤስ አይ ቀንሶ ያነብባል። ሙቀቱ ደግሞ በተቃራኒው ያወጣዋል፣ በየ5 እና 6 ዲግሪው አንድ ገደማ። ስለዚህ ቆላ አድራችሁ ጠዋት ስትነሱ ንፋሱን ድጋሚ ለኩ። የአዲስ አበባው ልኬት የአዋሹ ልኬት አይደለም።

አሜሪካ ለሚሸጡ ጎማዎች የሚጻፍ አንድ ምልክትም አለ፤ «ቴምፕሬቸር» ይልና ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ይከተለዋል። ሙቀት የመቋቋም ደረጃ ነው። ኤ የተሻለው፣ ሲ የመጨረሻው ዝቅተኛ የተፈቀደው ነው። ቆላ ለሚወርድ ሰው ኤ ፈልጉ። ከጎኑ «ትሬድዌር 400» ዓይነት ቁጥር ይኖራል፤ ሲበዛ ጎማው ቶሎ አያልቅም ማለት ነው። ግን ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱን ኩባንያ 400 ከሌላው 400 ጋር እኩል አታድርጉት።

የጥርሱ ጉዳይ ደግሞ በክረምት ይታወቃል። ጥርሱ ውኃውን ገፍቶ ካላስወጣ ጎማው ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ፍሬን ብትይዙም መሪ ብትጠመዝዙም መኪናው አይሰማም። በብዙ አገሮች ሕጋዊው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በጥርሶቹ መሐል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ የላስቲክ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከጉብታው እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ሌላም ዘዴ አለ፤ የክብሪት እንጨት ቦዩ ውስጥ አጋድሙ። ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ከጥርሱ በላይ ብቅ ካለ፣ ዝናብ ሳይመጣ ቀይሩት።

ታዲያ ቦሎ ምን ይሠራል?

መኪና ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ተመርምሮ ቦሎ ይለጥፋል። ጥሩ ነው፤ ግን ምርመራው የአንድ ቀን ፎቶ ነው። ጋሼ እየሳቁ የነገሩን ነገር አለ፤ «ለቦሎ ቀን ብቻ ጎማ ተውሶ የሚመጣ አለ። ሲያልፍ ፈትቼ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ቦሎ ያገኘው ጎማው ነው፣ መኪናው አይደለም።» አዘንም፣ ሳቅንም።

እዚህ ላይ ሦስት ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ በምርመራ ቀን የአራቱም ጎማ ዲኦቲ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ይመዝገብ። ወጪ የለውም፣ ብዕር ነው የሚፈልገው። ያን ጊዜ የተዋሰ ጎማ በመንገድ ላይ ቁጥጥር ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ጎማ የሚሸጥ ሰው ደረሰኙ ላይ የተመረተበትን ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲጽፍ ይገደድ። መድኃኒትና ዘይት የአገልግሎት ጊዜያቸው ይታያል፤ ጎማ ምን ለይቶት? ሦስተኛ፣ የትራፊክ ደኅንነት ትምህርት «ቀበቶ እሰሩ፣ ጠጥታችሁ አትንዱ» ሲል አራቱን ቁጥርም ይጨምር። ማንበብ የተማረ ሰው በአሥር ሴኮንድ የሚማረው ነገር ነው።

እነዚህ እስኪመጡ ግን ኃላፊነቱ በእጃችን ነው። ድህነት ነው ጎማ የሚያስረጅ፤ ይገባኛል። አዲስ ግዙ ብሎ መምከር ቀላል ነው። ነገር ግን ማንበብ ነፃ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው እንዲያውም የበለጠ ማንበብ አለበት፤ የዘጠኝ ዓመት ጎማ በሁለት ዓመት ጎማ ዋጋ የሚገዛ እሱ ነውና።

የ4216 ጎማዎች መጨረሻ

ጓደኛዬ ያን ቅዳሜ ብዙ ዝም አለ። ሻጩ ብሩን አልመልስም ብሎታል። ከዚያ ስልኩን አወጣና የጎማዎቹን ፎቶ አነሳ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባኝ። «ልሽጣቸው፤ የ16 ናቸው ብዬ» አለ፣ እያየኝ። ዋጋቸው የሁለት ሳምንት ላቡ ነው። እኔም አንደበቴን ያዘኝ፤ የእኔ ብር አይደለማ።

ጋሼ ናቸው የተናገሩት። «ሽጥ። ግን ለምታውቀው ሰው ሽጥ» አሉት። ሌላ አላሉም።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጎማዎቹ በቢላ ጎናቸው ተቀደደ፣ ዳግም መኪና ላይ እንዳይወጡ። ጋሼ ለበረባሶ ሠሪ ሰጧቸው። ለእግር ጫማ ዘጠኝ ዓመት ምንም አይደለም፤ በረባሶ በ100 አይበርም።

ለአዲሶቹ ጓደኛዬ የዕቁብ ዳኛውን ለምኖ፣ የየካቲት ዕጣ የነበረውን ሰው አስማምቶ ተራ ተለዋወጠ። ሁለት ጎማ ገዛ፤ ከመክፈሉ በፊት ጎኑን በስልኩ መብራት ሲያነብ ሻጩ «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎት ነበር። በጋሼ ምክር አዲሶቹ ከኋላ ገቡ፤ የቪትዟ መጎተቻ የፊት እግሯ ቢሆንም፣ በእርጥብ መንገድ የኋላው ሲከዳ ነው መኪና የሚሽከረከር። የፊቶቹም የአራት ዓመት ሆነው ተገኙ፤ ስኮርታው ግን 11 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ እሱም ተቀየረ።

ቁልቢ ደርሰው ተመለሱ። በመንገድ ምንም አልተፈጠረም። ጽሑፌ ለዚህ ነው ደስ የሚለኝ፤ ምንም ያልተፈጠረበት ጉዞ ዜና አይሆንም። እናቱ ስለቷን አስገብታ ስትመለስ «ገብርኤል ጠበቀን» አለች። ልጇም «አሜን» አለ። አዋሽ ላይ ጠዋት በአምስት ሰዓት እንቅልፉ ተነስቶ ንፋሱን እንደለካ ግን አልነገራትም።

ሰፈራችን ጠመንጃ ያዥ ይባላል። ጠመንጃ የሚይዝ ሰው ከመነሳቱ በፊት መሣሪያውን ይፈትሻል፤ ጥይት የት እንዳለ ሳያውቅ አይተኩስም። መሪ የሚይዝም እንደዚያው ነው። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ስልካችሁን እንደያዛችሁ ውጡና በቅርብ የቆመ መኪና ጎማ ላይ አራቱን ቁጥር ፈልጉ። የአባታችሁ ይሁን፣ የጎረቤት ይሁን፣ ማታ የሚወስዳችሁ ታክሲ ይሁን። ካገኛችሁት ቀንሱ፤ 7 ወይም 8። የወጣውን ቁጥር ለባለቤቱ ንገሩት።